ለኦርጋን ፈተና ያዋስሁት ጫማ

የዛሬ ወር ገደማ፣ ዝናቡ አባርቶ ከግቢዬ የበሰበሰ ቅጠል እየጠረግሁ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ይሁኔ ነበር። ይሁኔ የወጣትነት ጓደኛዬ ነው። እኔ እዚህ እንጅባራ፣ እሱ ዳንግላ ሆነን ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ እንኳን አደረሰህ እንባባላለን እንጂ ያለ በዓል አንደዋወልም። ስሙን ሳየው ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥሁ።

«አይዞህ፣ ክፉ ነገር አይደለም» አለኝ ገና ድምፄን ሲሰማ። «ትንሹ ልጄ ሊያገባ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ለልጅቱ ቤተሰቦች ሽማግሌ እንልካለን። አንዱ ሽማግሌ አንተ ነህ፤ እምቢ ብትለኝ አልሰማህም።»

«እዚያው ዳንግላ ስንት የተከበረ ሰው እያለልህ እኔን ከዚህ ድረስ?»

«የተከበረማ ሞልቷል። እኔ የምፈልገው የማውቀውን ሰው ነው። ራሱ ሳይጫማው አዲስ ጫማውን ለጓደኛው የሰጠ ሰው ካንተ ሌላ አላውቅም። ልጆቼም ይህንኑ እየሰሙ ነው ያደጉት።»

እሺ አልሁት። ሌላ ምን እላለሁ? ስልኩን ዘግቼ መጥረጊያዬን እንደያዝሁ ብዙ ቆምሁ። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል አይታኝ «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። ደህና ነኝ አልኋት። ደህና አልነበርሁም።

በእኛ አገር ሽማግሌ ሆኖ የሰው ደጅ የሚቆም ሰው ስለ ልጁ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱም ነው የሚመሰክረው። የልጅቱ አባት መጀመሪያ የሚያየው የመጣው ሰው ማን እንደሆነ ነው። ለይሁኔ ጫማዬን መስጠቴ እውነት ነው። ለምን እንደሰጠሁት ግን ከአርባ ዓመት በላይ ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። ሳልነግረው ሄጄ ስለ ቤቱ ልመስክር፣ ወይስ ነግሬው ልቅር? ያን ሳምንት ያብሰለሰልሁት ይህንኑ ነው። ነገሩን ከመጀመሪያው ላውራችሁና ፍርዱን እናንተ ታዩታላችሁ።

ያኔ እንጅባራን ቆሰበር ነበር የምንላት። እኔ ዛሬም ሳላስበው ከአፌ የሚወጣው ቆሰበር ነው። ባጃጅ የለ፣ ዩኒቨርሲቲ የለ፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ቤቶች፣ የገበያው ሜዳ፣ ከዚያ ወዲያ የገብስና የድንች ማሳ። ብርዱ ግን ያው የዛሬው ነው፤ እሱ አላረጀም። አባቴ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። እኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። ጠዋት ጠዋት ለአባቴ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ተማርሁበት ትምህርት ቤት እየሄድሁ ኦርጋን እማራለሁ።

ኦርጋን ስል የዛሬ ልጆች የሚያውቋትን፣ በኤሌክትሪክ የምትሠራዋንና አንድ ጣት ሲያሳርፉባት ከበሮውንም ጭብጨባውንም ራሷ የምታመጣዋን ፕላስቲክ ማለቴ አይደለም። ይቅር ይበለኝና እሷን መጫወት ጨዋታ አይባልም። የእኛው ኦርጋን እንጨት ነው፤ ቁም ሣጥን ያክላል። አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶት የሄደ ነው ይሉ ነበር። መብራት አይፈልግም፤ የሚፈልገው እግር ነው። ከታች ሁለት ሰፋፊ ፔዳሎች አሉት። እነሱን ቀኝና ግራ እያፈራረቁ ሲረግጧቸው ሆዱ ውስጥ ያለው ወናፍ እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ ይሠራል፤ ድምፁ የሚወጣው በዚያ ንፋስ ነው። እግር ከሰነፈ ጣት ምን ቢፈጥን ዋጋ የለውም።

የሚያስተምሩን መምህር አበራ የሚባሉ የሙዚቃና የእጅ ሥራ አስተማሪ ነበሩ። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ኮታቸው ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ ሰው ናቸው። ለጀማሪ ቁልፎቹን አያስነኩም። «እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርግ» ይሉና ከጎን ቆመው አንዷን ቁልፍ በጣታቸው ይጫኗታል። ተማሪው ከታች ይረግጣል። ያቺ አንዲት ድምፅ ከእንዝርት እንደሚወጣ ክር ሳትወፍር ሳትቀጥን መቀጠል አለባት። ወፈረች ማለት ፔዳሉን ደበደብኸው ማለት ነው፤ ቀጠነች ማለት እግርህ ዘገየ ማለት ነው። በኦርጋኑ አናት ላይ ደግሞ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ያስቀምጣሉ። ውሃው ከተንቀጠቀጠ ኩርኩሙ አይቀርም። ኩርኩሙ እንኳ ቀላል ነበር፤ የሚከብደው «ውረድ» መባሉ ነው።

እኔ አንድ ወር ሙሉ እጄን ከጉልበቴ አላነሳሁም። አስቡት እንግዲህ፣ ሙዚቃ ሊማር የሄደ ሰው ወር ሙሉ እግር ሲያነሳ ሲጥል። የጀማሪ ሁሉ በሽታ አንድ ነው። የእኛ ሰው ዘፈን ሲሰማ እግሩ አብሮ ይመታል፤ ከልጅነቱ የለመደው ነው። ኦርጋን ላይ ግን እግር ዘፈኑን አይከተልም። ዘፈኑ ቢሮጥም ቢያዘግምም እግር በራሱ እርጋታ ነው የሚሄደው። ተረከዝ ከፔዳሉ ግርጌ አይነሳም፤ የሚገፋው ከቁርጭምጭሚት ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው እየወጣ ነው፤ ታች ደርሶ ጓ ማድረግ የለም። ወደ እግር ማየት ደግሞ ጨርሶ ክልክል ነው። «ምን ያህል ንፋስ እንደቀረህ ዓይንህ አይነግርህም፤ የሚነግርህ ውስጥ እግርህ ነው» ይሉ ነበር መምህር አበራ።

ይህን ለመልመድ ስምንት ወር ፈጀብኝ። በስምንተኛው ወር አራት አምስት የልጆች መዝሙር ያለ ስሕተት መጫወት ቻልሁ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከእኔ የተሻለ አልነበረም፤ ይህንንም አሳምሬ አውቅ ነበር። እናቴ «ልጄ አረማመዱ ራሱ ተለወጠ» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ይሁኔ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። አገሩ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ያለ ገጠር ነው። ቤታቸው የሚነገረው አውንጊ ነው፤ አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ስለሆነ ቃል እየመረጠ ቀስ ብሎ ይናገራል። እኔ በበኩሌ አውንጊ አላውቅም። እዚሁ ተወልጄ፣ አጠገቤ የሚነገረውን ቋንቋ ሳላውቅ ማርጀቴ ራሱን የቻለ ሐፍረት ነው፤ እሱ ለሌላ ቀን ይቆየን። እንደ እኔው ትምህርቱን ጨርሶ ነጥብ ያልመጣለት ነው። አባቱ በየጥምቀቱ ጉግስ ሲጋልቡ ሰው ከአጥር ላይ ተንጠላጥሎ የሚያያቸው ፈረሰኛ ነበሩ።

በመጀመሪያው ቀን በረባሶው ጭቃ ስለነበረ በር ላይ አውልቆት ገባ። መምህር አበራ አስቀመጡትና እንደ ልማዳቸው አንዷን ቁልፍ ተጫኑ። ይሁኔ መርገጥ ጀመረ። እኔ በልቤ «አሁን ብርጭቆው ሲደንስ እናያለን» እላለሁ። ብርጭቆው ንቅንቅ አላለም። ድምፁ ወጣ፤ ቀጠለ፤ መምህር አበራ ጣታቸውን እስኪያነሱ ድረስ አልተለወጠም።

«የት ተማርህ?» አሉት።

«አልተማርሁም» አለ። ቆየት ብሎ «ፈረስ ላይ እንዲህ ነው» አለ።

ወደ እግሩ ሳይ ገባኝ። የአገራችን ፈረሰኛ እርካቡን በሙሉ እግሩ አይረግጥም። እርካቧ ትንሽ ናት፤ የሚይዛት አውራ ጣቱን አስገብቶ ነው። ፈረሱ ሲሰግር ሰውየው ክብደቱን የሚያሳርፈውና የሚያነሳው በዚያች ጣትና በቁርጭምጭሚቱ ነው። ይሁኔም የፔዳሉን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ያዝ እያደረገ ነበር የሚረግጠው። እኔ ስምንት ወር የለፋሁበትን ነገር የእሱ እግር ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

የሚወደድ ልጅ ነበር፤ ይህንን አልክድም። የተቀቀለ ድንችና የገብስ ቆሎ በጨርቅ ቋጥሮ ይመጣል። ዝናቡ ሲበረታ እዚያው የኦርጋኑ ክፍል ጣራ ሥር ተጠግተን ድንቹን እየላጥን በሚጥሚጣ እንበላለን። ከእናቱ እጅ የወጣ ሚጥሚጣ ነው፤ ዓይን ያስለቅሳል። እየበላን «አንተ እግርህን ታዘዋለህ፤ አትዘዘው። ፔዳሉ ወደ ላይ እስኪገፋህ ጠብቀው፣ ከዚያ ተጫነው» ይለኛል። ጫማዬን አውልቄ ሞከርሁት። እውነቱን ነው። ወለሉ ብርድ ስለሆነብኝ በኋላ ሶሉ ስስ የሆነ ሸራ ጫማ እያደረግሁ መጫወት ጀመርሁ፤ በሸራም ቢሆን ፔዳሉ ይሰማል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ድምፄ በስምንቱ ወር ከተሻሻለው ይልቅ ተሻሻለ። ያሻሻለኝ እሱ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

በአራተኛው ወር ጣቶቹም ተፍታቱ። መምህር አበራ ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠሩት እሱን ሆነ። እኔ ስጫወት በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ፤ እሱ ሲጫወት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው እችል ነበር፣ ግን ቅናት ነው። ድንቹን አብሬው እየበላሁ ነበር የምቀናበት።

ከዚያ ወሬው መጣ። ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መዝሙር የሚያስተምሩ መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮርስ ተከፍቷል፤ ሁለት ፈታኞች መጥተው ከቆሰበር አንድ ሰው ይወስዳሉ ተባለ። አንድ ብቻ። ለእኔ ካልተሳካ ከአባቴ ጋር ጠርዝ እየዘመዘምሁ እኖራለሁ፤ አልሞትም። የይሁኔ ነገር ግን ሌላ ነው። አባቱ ቁርጡን ነግረውታል፤ ይህ ካልሆነለት ሚስት አግብቶ ሞፈር ሊይዝ ነው። «ማረሱን አልጠላውም» አለኝ አንድ ቀን። «ግን ይህን ነገር ሳልጠግበው መተው አልፈልግም።» ኦርጋኑን ማለቱ ነው።

አባቴ ለፈተናው ብሎ ከጫግኒ ከመጣ ነጋዴ ጥቁር የቆዳ ጫማ ገዛልኝ። ሶሉ ወፍራም ነው፤ ስትራመድበት ቋ ቋ ይላል። ደስ አለኝና ወስጄ ኦርጋኑ ላይ ሞከርሁት። ጉድ ሆንሁ። ፔዳሉ ጨርሶ አይሰማም። የጫማው አፍንጫ ይንሸራተታል፤ ተረከዙ ከእንጨቱ ጋር ይጋጫል፤ ድምፁ እንደ አንካሳ ይጎተታል። ወዲያው አውልቄ ሸራዬን አደረግሁ። በሸራዬ ልፈተን ወሰንሁ፤ ጫማውን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ቤት ተመለስሁ። ሐሳቡ የመጣልኝ መንገድ ላይ ነው። ክፉ ሐሳብ ክፉ መስሎ አይመጣም፤ ለሰው ማዘን መስሎ ነው የመጣው።

ፈተናው ዓርብ ጠዋት ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ለእንግዶቹ ታጥባ ተቆልፋለች፤ ማንም ገብቶ መለማመድ አይችልም። ይሁኔን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው፤ ጠብቄ ነው ያገኘሁት።

«እንግዶቹ ፊት ባዶ እግርህን ልትቀመጥ ነው እንዴ?» አልሁት።

«መምህር አልከለከሉኝም።»

«መምህርማ ለምደውሃል። እነዚህ ከሩቅ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ‹ጫማ እንኳ የሌለውን ነው አስተማሪ የምናደርገው?› ቢሉስ? መምህር አበራንም ታሳፍራቸዋለህ።»

እግሩን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ሰበሰበ። ከዚያ በፊት ይሁኔ ስለ እግሩ ሲያፍር አይቼው አላውቅም ነበር። ያሳፈርሁት እኔ ነኝ።

«በረባሶዬን አጥበዋለሁ» አለ።

«በረባሶ ለእንግዳ አይሆንም። የእኔን አዲሱን ጫማ ላውስህ። እኔ በሸራዬ ይበቃኛል።»

«አባትህስ?»

«አባቴ ምን ይላል? ጓደኛዬ አይደለህ እንዴ?»

ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ። ሊመርቀኝ ፈልጎ አማርኛው አልመጣለት አለና በአውንጊ መረቀኝ። ምን እንዳለኝ አላውቅም። አሜን አልሁ።

ቤት ስገባ አባቴ «ጫማውን የት አደረስኸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጫማ ለሌለው ጓደኛዬ ለነገ አዋስሁት አልሁት። ይቆጣል ብዬ ነበር። መቀሱን አስቀምጦ አየኝ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አሁን ሰው ወልጃለሁ» አለ። እናቴን ጠርቶ ነገራት። ያን ቀን ራት የበላሁት አንገቴን ደፍቼ ነው፤ እነሱ ትሕትና መሰላቸው።

ዓርብ ጠዋት ጉሙ እስከ ሦስት ሰዓት አልተገለጠም። ፈታኞቹ ኮት ደርበው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ቀደምሁ፤ መጥፎ አልነበርሁም። ቀጥሎ ይሁኔ ገባ። ሸሚዙን አጥቦ ለብሷል፤ ጫማዬ እግሩ ላይ ቋ ቋ እያለ ነው። መምህር አበራ ጫማውን አይተው ወደ እኔ ዞሩና ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁልኝ። ይሁኔ ተቀመጠ፤ መርገጥ ጀመረ። ገና ከመጀመሪያው ድምፁ ይንገዳገድ ነበር። አንዴ ይወፍራል፤ አንዴ ይሰለስላል። በመዝሙሩ እኩሌታ ላይ ግራ ጫማው ከፔዳሉ ተንሸራቶ ከእንጨቱ ጋር ጓ ሲል ክፍሏ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ይሁኔ ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። ያን ጊዜ ንፋሱ አለቀ፤ ድምፁም ጠፋ።

ጫማውን ማውለቅ ይችል ነበር። አላወለቀም፤ ሊያወልቅ የማይችል ያደረግሁት እኔ ነኝ። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ተንሸራተተ። አንዱ ፈታኝ «ይበቃል ወንድሜ» አለው።

መምህር አበራ ክንዴን ይዘው ወደ በረንዳው አወጡኝ። «ይህ ልጅ እንዲህ አልነበረም» አሉኝ። «ምን ነካው? ጫማው ይሆን እንዴ? ጫማው ከሆነ አንድ ጊዜ ይድገሙለት ብዬ እለምናቸዋለሁ።»

ነገሩን የማቃናበት በር ክፍት ነበር ማለት ነው። አንድ ቃል ብቻ ነው ይበቃ የነበረው።

«ጫማው አይደለም መምህር» አልሁ። «ጠዋትም ሲንቀጠቀጥ ነበር። ፈርቶ ነው።»

አመኑኝ። ለምን አያምኑኝም? ጫማውን ያዋስሁት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ይሁኔ ወደ አባቴ ሱቅ መጣ። ጫማውን በጨርቅ ጠርጎ፣ ቅርጹ እንዳይበላሽ ውስጡን ደረቅ ሣር ሞልቶታል። አባቴ ተነሥቶ አቀፈውና «አይዞህ ልጄ» አለው። ይሁኔ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ የምትችለውን አድርገሃል፤ የከዳኝ እግሬ ነው» አለኝ። ከዚያ ዝናብ ሳይጥልበት ብሎ መንገዱን ጀመረ።

ተመረጥሁ። ሠለጠንሁ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ በየትምህርት ቤቱ መዝሙር አስተማርሁ። ኦርጋን ባለበት ሁሉ ለጀማሪ የምነግረው የመጀመሪያ ነገር «ጫማህን አውልቅ፤ ፔዳሉ እስኪገፋህ ጠብቅ» የሚል ነው። ዘዴውን ከየት አመጡት ሲሉኝ «በልምድ ያገኘሁት ነው» እላለሁ። የይሁኔን ስም አንድ ቀን አንስቼ አላውቅም። እሱ አገባ፤ አረሰ፤ ልጆች አሳደገ፤ በኋላም እርሻውን ለታላቁ ልጁ ለቅቆ ዳንግላ ገባ። አንድ ጊዜ ለፋሲካ ተገናኝተን እዚያ አንድ የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኦርጋን እንዳለ ስነግረው «እግሬን አላምነውም» ብሎኝ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ እውነት ግን እያደር ደፈረሰ።

እንግዲህ ሽማግሌ ከሚላክበት እሁድ በፊት ባለው ሐሙስ ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳንግላ ሄድሁ። ይሁኔ የመጣሁት ስለ ሽምግልናው ለመመካከር መስሎት ደስ ብሎት ተቀበለኝ። ልጆቹ ተነሥተው ጉልበቴን ሳሙ። የልጅ ልጁ፣ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ትክ ብላ አየችኝና «ጫማ የሰጡት አባባ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። ሙሽራ የሚሆነው ልጅ ምሳ እያጎረሰኝ «ጋሼ፣ እኛ ስንጣላ አባታችን የሚነግረን የእርስዎን ነው» አለኝ። እዚያ ቤት ውስጥ መናገር አልቻልሁም።

ይሁኔ ወደ መናኸሪያው ሲሸኘኝ ነገርሁት። መንገድ ላይ፣ ቆመን፣ ባጃጆቹ በአጠገባችን እያለፉ። ጫማውን በፊት መሞከሬን፣ ሐሙስን መምረጤን፣ በረንዳው ላይ የተናገርሁትን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ነገርሁት። ምርኩዙን በሁለት እጁ ይዞ ሰማኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጫማው ነው እንዴ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ጫማው ነው።»

«እግሬ አይደለም?»

«እግርህ አይደለም። ካንተ እግር የተሻለ እግር አላየሁም።»

ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። ቀና ሲል ፊቱ የማላውቀው ሰው ፊት ሆኖብኝ ነበር።

«ለልጆቼ ምን ልበላቸው?» አለኝ።

መልሴን አልጠበቀም፤ ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ያሰብሁት ይቅርታ መጠየቅን ነበር፤ ከልቤ ላይ አንድ ነገር እንዲወርድልኝ። ይሁኔ ከዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ጥሩ ነገር አትርፎ ነበር፤ ቸር ጓደኛ ነበረኝ የሚል። በዚያች ነገር ልጆች አሳድጓል። ያን ቀን እሷን ቀማሁት።

እሁድ ጋቢዬን ለብሼ እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጥሁ። የጠራኝ የለም። ሰኞ ጠዋት ራሱ ደወለ። ሰላምታውን አላስረዘመም።

«ሽማግሌዎቹ ተሳክቶላቸዋል፤ ልጅቱን ሰጥተውናል» አለኝ። «ለልጆቹ አልነገርኋቸውም። ታሟል ብያለሁ። እኔ ከአፌ አውጥቼ ልነግራቸው አልችልም። ነገሩ ያንተ ነው፤ ና እና አንተ ንገራቸው።»

እሺ፣ እመጣለሁ አልሁት።

ይህን ካልሁት ዛሬ ሦስት ሳምንት ሆነ። ከእንጅባራ ዳንግላ ጉዞው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ሚኒባስም ቀኑን ሙሉ አይጠፋም።